ተመራማሪ አደባባይ ሲወጣ፦ በስላይድ ተጀምሮ ሌላ ቦታ የደረሰ ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በጥያቄና በመልስ የሚቀጥለውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው በአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ለማንኛውም ሰው ክፍት በሆነ መድረክ የ1 ሰዓት ንግግር እንዲያቀርብ ተጋብዟል፤ በእጁ ያለው ደግሞ ለሙያ ጉባኤ ያሰናዳው ባለ 42 ስላይድ ገለጻ ነው። ምን ያህሉን ማቅለል፣ ምን ያህሉን መጣል እንዳለበት ጠየቀ። አጠያየቁ የጨዋ ነው፤ አንቱታውም ሙሉ ነው። ግርጌው ላይ ግን አንዲት መስመር ጣል አደረገ፤ ጋዜጠኞች ሁልጊዜ ስለሚያጣምሙ ለእነሱ ቃል እንደማይሰጥ። ክሩን ያጋለችው ይቺ መስመር ናት።

መልስ 1 ሰላምታውን አድርሶ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባ። 1 ሰዓት ከተሰጠ ንግግሩ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ቀሪው የጥያቄ ጊዜ ነው። ስላይድ ከመቀነስ በፊት አድማጩ ቤቱ ገብቶ ለሌላ ሰው ሊነግረው የሚችለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያ ያንን የማያግዝ ስላይድ ሁሉ ማውጣት። የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ። የሙያ ቃል ከ3 አይብለጥ፤ እሱም በተጠራበት ቅጽበት ይፈታ። ግራፍ ሲታይ መጀመሪያ አግድሙ፣ ቀጥሎ ቋሚው ምን እንደሚለካ ይነገር፤ ስለ መስመሩ የሚወራው ከዚያ ወዲያ ነው። ባለሙያ ግራፍ በጨረፍታ ስለሚያነብ ይህን ይዘለዋል፤ ተመልካቹ ገና አግድሙን ሲፈልግ ተናጋሪው ውጤቱን ጨርሶ ቀጣዩ ስላይድ ላይ ይገኛል።

መልስ 2 ምክሩን አልተቃወመም፤ የነቀፈው ቅደም ተከተሉን ነው። ማን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ማቅለል ግምት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አዘጋጆቹ ጋ መደወል፦ ባለፈው የመጡት እነማን ነበሩ፣ ልጆች ይዘው ይመጣሉ ወይ፣ ከሥራ መልስ ነው ወይስ በእረፍት ቀን፣ ምን ጠየቁ፣ ሰው መውጣት የጀመረው መቼ ላይ ነው። ስለ አፈር ለሚያርስ ሰው የሚነገረውና ለ12 ዓመት ልጅ የሚነገረው አንድ አይደለም። ንግግር ራሱ ግዴታ እንዳልሆነም አስታወሰ። በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ሊድስ ላይ የተጀመረው ካፌ ሲያንቲፊክ የተባለ የሳይንስ መድረክ አጭር ንግግር፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ረዘም ያለ ውይይት ነው። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የጀመረው የ3 ደቂቃ ቴሲስ (የተመራቂ ተማሪዎች የምርምር ገለጻ) ውድድር ደግሞ የሚፈቅደው አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ ብቻ ነው፤ 3 ደቂቃ ያለፈበት ከውድድሩ ይሰረዛል። የመልሱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ 42ቱን እየቀነሱ ከመውረድ መጀመሪያ የ3 ደቂቃውን አዘጋጅቶ ከዚያ ወደ 35 ደቂቃ ማሳደግ ይቀላል። እየቀነሰ የሚሄድ ሰው የሚያዝንለት ስላይድ አያጣም፤ ከታች የሚነሣ ግን እያንዳንዱን ሲጨምር ለምን ብሎ ይጠይቃል።

መልስ 3 ወደ ታሪክ ወሰደን። ለንደን የሚገኘው የሳይንስ ተቋም ሮያል ኢንስቲትዩሽን የገና ንግግሮቹን የጀመረው በ1825 እንደሆነ፣ ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ ብቻውን 19 ዙር እንዳስተማረበት ዘረዘረ። ቀጥሎ በ1985 ዋልተር ቦድመር የመሩት የሮያል ሶሳይቲ (የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ) ሪፖርት ለሕዝብ ማስረዳት የሳይንቲስት ሙያዊ ግዴታ መሆኑን እንዳወጀ አነሣ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ማሳረጊያው ላይ ግን ሕዝቡ በሳይንስ የማይተማመነው ስለማያውቅ ነው፣ ቢያውቅ ይተማመናል ወደሚል ድምዳሜ ተንሸራተተ።

አንቱታው የወደቀው መልስ 4 ላይ ነው። ጸሐፊው መልስ 3ን የጻፈውን ሰው አንተ ብሎ፣ ይህ አስተሳሰብ ከተተቸ አሥርተ ዓመታት እንዳለፉት በግልጽ ነገረው። ማስረጃው በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለ ስለሆነ አፉ ሸካራ ቢሆንም ላስፋው። በ1986 ከቼርኖቢል የኒውክሌር ጣቢያ ፍንዳታ በኋላ የወረደው ዝናብ ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በከምብሪያ ተራሮች ላይ ጣለ። መንግሥት የበግ ዝውውርና ሽያጭ ሲያግድ እገዳው 3 ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ተነገረ። ስሌቱ ሲዚየም በሸክላማ አፈር ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሣሩም መልሶ አይስበውም ከሚል ግምት የመነጨ ነው። የተራራው አፈር ግን አሲዳማና ከበሰበሰ ዕፅዋት የተከማቸ ነው፤ እዚያ ሲዚየሙ አይታሰርም፤ ሥሩ ይስበዋል፣ በጉ ይበላዋል፣ በኩበቱ ተመልሶ መሬት ይገባል። በመጨረሻዎቹ እርሻዎች ላይ እገዳው የተነሣው በ2012 ነው።

4 በዚህ አላበቃም። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ብራያን ዊን ከአርቢዎቹ ጋር ተነጋግሮ ያገኘውን ጨመረ። ባለሙያዎቹ ሲዚየሙን ይይዛል ብለው ቤንቶናይት የሚባለውን የሸክላ ማዕድን በሣር ላይ በትነው ሲሞክሩ በጎቹን በአጥር ከለሏቸው። አርቢዎቹ በሰፊ ተራራ የለመደ በግ በአጥር ውስጥ እንደሚጎሳቆልና ሙከራው እንደማይሠራ አስቀድመው ተናገሩ። የሰማቸው አልነበረም፤ ሙከራው ቆይቶ የተተወው ግን እነሱ ባሉት ምክንያት ነው። ስለዚህ፣ ይላል 4 ወደ ጠያቂው ዞሮ፣ ያንተም ሥራ አፈር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ አፈሩን ካንተ በላይ በእጁ የሚያውቅ ሰው ሊቀመጥ ስለሚችል 10 ደቂቃ ስለ አፈራቸው ጠይቃቸው፣ ከዚያ ተናገር።

መልስ 5 ሕዝቡ እውቀት የሚሞላበት ባዶ ማሰሮ አይደለም የሚል አንድ መስመር ነው፤ ነገሩ ልክ፣ አነጋገሩ ነውር። መልስ 6 ላይ 3 ተመልሶ መጣና ሕዝቡን ባዶ ማሰሮ ነው እንዳላለ፣ የብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ሪፖርት ከማስተማር ወደ መነጋገር መሻገር እንደሚያስፈልግ መጻፉን እሱም እንደሚያውቅ አስረዳ። 4 ይቅርታ አልጠየቀም፤ 3ም አልጠበቀም መሰለኝ።

መልስ 7 የግርጌዋን መስመር አነሣ። ጋዜጠኛን መሸሽ ሌላ ሰው በቦታህ እንዲናገር መፍቀድ ስለሆነ፣ ስልኩ ሲደወል የሚደረገውን በዝርዝር አስቀመጠ። ወዲያው አለመመለስ፤ የየትኛው መገናኛ ብዙኃን እንደሆነ፣ ጽሑፉ መቼ እንደሚዘጋ፣ ቀጥታ ስርጭት ይሁን ቅጂ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ሌላ ማን እየተጠየቀ እንደሆነ መጠየቅ። ከዚያ ከ30 ደቂቃ በኋላ እደውላለሁ ብሎ 3 ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ስም ሳይጠቀስ የሚነገር ነገር ካለ ስምምነቱ ከመናገር በፊት ነው፤ ተናግሮ ሲያበቁ ይህን እንዳትጽፍ ማለት ማንንም አያስርም። ካሜራው ከጠፋ በኋላ የሚወራውም እንደ ተቀዳ ይቆጠር። በጥያቄው ውስጥ ያለውን መጥፎ ቃል አለመድገም፤ ይህ ነገር መርዝ ነው ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው መርዝ አይደለም ብሎ ከመለሰ ርዕሱ ላይ የሚወጣው መርዝ የሚለው ነው። ጽሑፉ ሳይታተም ላንብበው ማለት ብዙ ጊዜ እምቢታን ያስከትላል፤ ከአፌ የወጣውንና ቁጥሮቹን ብቻ አንብብልኝ ቢባል ግን አብዛኛው ጋዜጠኛ ደስ ይለዋል፣ ስሕተት እሱንም ስለሚያሳፍረው። ከሙያ ውጪ የሆነ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው መጠቆም።

መልስ 8 ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ጥያቄውን ገለበጠው። የሚያጣምመው ማን ነው? በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በ2011 ከ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 ከጤና ጋር የተያያዙ ጋዜጣዊ መግለጫዎችን ከዋናዎቹ የምርምር ጽሑፎችና ከዜናዎቹ ጋር አመሳክሮ ነበር። ከመግለጫዎቹ 40 በመቶው የተጋነነ ምክር፣ 33 በመቶው የተጋነነ የምክንያትና ውጤት አባባል፣ 36 በመቶው በእንስሳት የታየውን ወደ ሰው የወሰደ ግነት ነበረባቸው። መግለጫው ሲጋነን ዜናው በቅደም ተከተል 58፣ 81 እና 86 በመቶ ጊዜ ተጋኗል፤ መግለጫው ሳይጋነን 17፣ 18 እና 10 በመቶ ብቻ። መግለጫውን የሚያጸድቀው ደግሞ ተመራማሪው ራሱ ነው። 8 ጠያቂውን በስም ሳይጠራ፣ ጣቱን ጋዜጠኛ ላይ የቀሰረ ሰው መጀመሪያ የፈረመበትን መግለጫ መልሶ እንዲያነብ መከረ። ክሩ ከስላይድ የወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ጋዜጠኛ ክፋት የጻፈ ሰው የለም።

መልስ 9 በዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ያለ ሰው ይመስላል። ቁጥሮቹን አልካደም፤ ግን 8 ራሱ ጥናቱን እንዳጋነነ በፈገግታ ጠቆመ። ጥናቱ ምልከታ እንጂ ሙከራ ስላልሆነ መግለጫው ዜናውን አጋነነ ብሎ መደምደም አያስችልም፤ ያው ጥናቱ የሚከስሰው ስሕተት ነው። መልስ 9 ያመነበት ነገር አለ፦ የመግለጫ የመጀመሪያ አንቀጽ 4 ነገር ሊያጣ አይገባም። ጥናቱ የተሠራው በምን ላይ ነው፣ በሴል፣ በአይጥ ወይስ በሰው? ስንት ናሙና? ተዛማጅነት ነው ወይስ ምክንያት? በባለሙያዎች ተገምግሟል ወይስ ገና ነው? አይጥ የሚለውን ቃል 5ኛው አንቀጽ ውስጥ መቅበር ልማድ ሆኗል፤ ዜናው ደግሞ የሚቆረጠው ከታች ነው። እግረ መንገዱንም ጋዜጠኛ እስከ አንድ የተወሰነ ሰዓት እንዳያወጣው ተስማምቶ አስቀድሞ የሚቀበለው መግለጫ ሰዓቱ ሳይደርስ ተመራማሪው በራሱ ገጽ ላይ ከለጠፈው ስምምነቱ ለሁሉም እንደሚፈርስ አሳሰበ።

መልስ 10 ስለ ቁጥር ነው። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን ስጋት በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስታወቀ። እጥፍ ማለት ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው 2 ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው አገላለጽ ሴቶቹ ጆሮ አልደረሰም፤ ብዙዎቹ እንክብሉን አቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝናና ውርጃ ራሳቸው ከእንክብሉ የበለጠ የደም መርጋት ስጋት አለባቸው። ሕጉ አጭር ነው፦ በመቶኛ ወይም በእጥፍ የተነገረ ጭማሪ ሁሉ መነሻው አብሮ ይነገር፣ የታችኛውም ቁጥር (ከስንት ሰው የሚለው) በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን። ከ7,000 1ን ከ3,500 1 ጋር ማወዳደር አድማጩን ያሳስታል።

መልስ 11 ያንኑ በሌላ ምሳሌ ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በጥቅምት 2015 በየቀኑ የሚበላ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰርን ስጋት በ18 በመቶ እንደሚጨምር ሲገልጽ ርዕሰ ዜናው ሁሉ 18ን ይዞ ሮጠ። መነሻው ከ100 ሰው 5 ቢሆን ጭማሪው ወደ 6 ገደማ ነው የሚያደርሰው። ተቋሙ ሥጋውን ትምባሆ ባለበት ምድብ ማስቀመጡም አደናጋሪ ነበር፤ ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም።

መልስ 12 ጠያቂው ራሱ ነው። ስላይዶቹን ወደ 14 ማውረዱን፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያውን ፎቶ ግን እንደማያወጣ ገለጸ፤ ስለ ጋዜጠኞች ምንም አላለም። ይልቅ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ሙከራ ቢኖር ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀ፤ ክሩም ወደ ሙከራ አመራ።

መልስ 13 የእንጆሪ ዲኤንኤ አመጣ። 120 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቀላል። አንድ እንጆሪ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይጨፈለቅና ከድብልቁ 2 የሾርባ ማንኪያ ተጨምሮበት ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ በወንፊት ወረቀት ይጠለላል። በጠለለው ላይ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ያንኑ ያህል እንደ በረዶ የቀዘቀዘ 90 በመቶ አልኮል ይወርዳል። መጋጠሚያው ላይ ነጭ ክሮች ይወጣሉ። የሚበላሸው በ3 ምክንያት ነው፦ አልኮሉ ካልቀዘቀዘ፣ ውኃ የበዛበት ከሆነ፣ ወይም ሰው ቸኩሎ ከናጠው፤ መናጥ አረፋ ያበዛል፣ ክሩንም ይበጣጥሰዋል።

መልስ 14 አንድ ነገር አረመ። ያ ነጭ ነገር ንጹሕ ዲኤንኤ አይደለም፤ ፔክቲን የሚባለው የፍራፍሬ አጣባቂ ንጥረ ነገርና ፕሮቲን አብረው ይወጣሉ፤ የሚታየውም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ተጠላልፈው ነው። ልጁን የዲኤንኤን ጥምዝ መሰላል ቅርጽ በዓይንህ አየኸው ማለት ውሸት ማስተማር ነው። ደግሞስ እንጆሪ ከአፈር ጋር ምን አገናኘው?

ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ የሰጠው 15 ነው፤ የቪኖግራድስኪ አምድ፣ የጭቃ ረቂቅ ተሕዋስያን በጠርሙስ ውስጥ በየቀለማቸው ተደራርበው የሚታዩበት። ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የሠራበት ይህ ዘዴ የሚፈልገው ከኩሬ ዳር የተወሰደ ጭቃ፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ አንድ የእንቁላል አስኳልና ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ብቻ ነው። ወረቀቱ ካርቦን፣ አስኳሉ ድኝ ይሰጣል። ከጭቃው ሲሶው ከወረቀቱና ከአስኳሉ ጋር ተቀላቅሎ ከታች ይገባል፤ ንጹሑ ጭቃ ከላይ፤ የአየር ኪስ እንዳይቀር በእንጨት ይወጋል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይተኛበታል። ክዳኑ ላላ ይበል፣ ጋዝ ስለሚያመነጭ። ብርሃን ባለበት፣ ግን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቀመጥ። ከታች ጥቁር የብረትና የድኝ ውሕድ፣ ከላዩ አረንጓዴና ሐምራዊ የድኝ ባክቴሪያዎች፣ ከሁሉ በላይ ኦክስጅን የሚያመነጩት ይሰለፋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ቡናማ ጭቃ ይዞ መድረክ በመውጣት ነው። አዳራሽ ውስጥ መክፈት ደግሞ አይታሰብም፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ፊተኛውን ረድፍ ያስነሣል።

መልስ 16 ፈሳሽ ናይትሮጅን ካላሳየህ ሰው አይመጣም አለ። መልስ 17 ወዲያው ቆመበት፦ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያለው ይህ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲቀየር ወደ 700 ጊዜ ገደማ ይሰፋል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ፈንጂ ነው፤ አየር በማይገባበት ክፍልም ሳይታወቅ ኦክስጅኑን ያሳጣል። የሠለጠነ ሰው፣ ክፍት መስኮትና ፊትን የሚሸፍን መከላከያ ከሌለ ይቅር። ከአፈር ጋርም አይገናኝም።

መልስ 18 ሰዎች፣ ርዕሱ ምን ነበር ብሎ ተቆጣ፤ ተቆጥቶ ግን ራሱ አዲስ ርዕስ ከፈተ። የተሳሳተ ወሬን ማረም ሰውን ይበልጥ ወደ ስሕተቱ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል የሚል ነው። መልስ 19 ይህ በ2010 የናይሃንና የራይፍለር ጥናት ከወጣ በኋላ የተስፋፋ እምነት መሆኑን፣ ዉድና ፖርተር በ52 ጉዳዮች ላይ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ፈትነው በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን ያ ግፊት እንዳልታየ ጠቀሰ። ዝምታ ሰበብ አጣ። አካሄዱ እውነቱን አስቀድሞ መናገር፣ ስሕተቱን አንዴ ብቻ መጥቀስ፣ ለምን ስሕተት እንደሆነ ማስረዳት፣ መልሶ በእውነቱ መዝጋት ነው። ስሕተቱ ገና ብዙ ሰው ጋ ካልደረሰ ግን ማረም ራሱ ማስተዋወቅ ይሆናል፤ እዚህ ላይ 18 ግማሽ እውነት ነበረው።

መልስ 20 መረር ያለ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል? ሳይንስን ለሕዝብ በማስረዳት የታወቀው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርል ሳጋን እንኳ በ1992 ከአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተከለከለ። መልስ 21 ያው አካዳሚ በ1994 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውን ሜዳልያ እንደሸለመው አስታውሶ፣ ይህ መጽናኛ ነው ወይስ ሹፈት እንደሆነ ለአንባቢ ተወው። ቀጥሎ የሚሠራውን ነገረን፦ የአሜሪካው ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1997 ጀምሮ ማመልከቻ ሲመዝን ለኅብረተሰቡ የሚኖረውን ሰፊ ፋይዳም ያያል፤ ሌሎችም ገንዘብ ሰጪዎች ተመሳሳይ ክፍል አላቸው። እዚያ ላይ ንግግር እሰጣለሁ ብሎ አንድ መስመር መጻፍ አያስመዝንም። ለማን፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ማን ያዘጋጃል፣ ለመጓጓዣና ለቁሳቁስ ስንት፣ ውጤቱስ በምን ይለካል፤ እነዚህ በበጀቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ይግቡ። በጀት የሌለው ሥራ በትርፍ ጊዜ ይሠራል፤ ትርፍ ጊዜ ደግሞ የለም።

መልስ 22 የጣሊያኗን ከተማ ላኲላን አነሣና ተናገርክ ተብሎ መታሰር አለ በሚል አስፈራራ። መልስ 23 ቀኖቹን አስተካከለ። ጣሊያን ውስጥ ሚያዝያ 2009 ከ300 በላይ ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ከመድረሱ ከቀናት በፊት ባለሙያዎች ተሰብስበው ነበር፤ ከስብሰባው ቀደም ብሎ አንድ የሲቪል ጥበቃ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ሕዝቡን የሚያረጋጋ ቃል ሰጠ። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ 6 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ሳይንቲስቶቹን ነጻ አወጣ፣ የባለሥልጣኑን ቅጣት ወደ 2 ዓመት ዝቅ አደረገ። ስለዚህ ክሱ መንቀጥቀጡን ለምን አልተነበያችሁም አልነበረም፤ ሳይታወቅ አትስጉ መባሉ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዝም ሲሉ መድረኩ ለሚያረጋጋው ሰው ቀረ። 22 መልስ አልጻፈም።

መልስ 24 ወደ አዳራሹ መለሰን፤ ተሳካ ወይስ አልተሳካም በምን ይታወቃል? ወደዳችሁት ወይ የሚል መጠይቅ አይረባም፣ በጨዋነት ሁሉም አዎ ይላል። በመግቢያው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ካርድ ማደል፣ ሲወጡ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቀለም ካርድ መልሶ ማደል፣ ሁለቱን ማነጻጸር። ጥያቄው ያቺን መልስ 1 ያላትን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈትን ይሁን። የሰው ብዛትና የጭብጨባ ርዝመት ለሪፖርት ያምራሉ እንጂ ምንም አይናገሩም።

የመጨረሻው መልስ 25 ስለ ጥያቄ ሰዓቱ ነው። ከአዳራሹ የመጣውን ጥያቄ ተናጋሪው በማይክሮፎኑ መድገም አለበት፤ ኋላ የተቀመጠው ስለማይሰማና ቅጂው ላይ ስለማይገባ፣ ደግሞም ሲደግም ማሰቢያ ጊዜ ስለሚያገኝ። ጥያቄ ብሎ ንግግር የሚጀምር ሰው ሲያጋጥም ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ ከተናገረው አንዱን ነጥብ መዞ መመለስ። የማያውቀውን አላውቅም ካለ በኋላ ማን እንደሚያውቅ መናገር። ከዚህ በታች አንድ ሰው ማይክሮፎኑ የኮት ይሁን የእጅ ብሎ ጠይቋል፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።